ጣሪያው የማን ድርሻ ነው?



የዛሬው ርእሴ ገንዘብ ነው፤ ያውም ትንሽ ገንዘብ። አንዱ መቶ ብር፣ ሌላው አምስት መቶ፣ ባሕር ማዶ ያለችው እህት ደግሞ ሃያ ዶላር እያዋጡ አንድ ክሊኒክ፣ አንድ የመማሪያ ክፍል ወይም አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይሠራል? እንዲህ ባለ ገንዘብ የሚሠራ ሕንጻስ ንድፉ እንዴት ያለ መሆን አለበት? አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለገንዘብ ያዡ፣ ሁለተኛውን ለአርክቴክቱ እንተዋለን፤ ሁለቱ ሳይመካከሩም የመሠረት ድንጋይ ይጣላል። እኔ የምሟገተው ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው ብዬ ነው። የመዋጮው አካሄድ በንድፉ ውስጥ ካልገባ፣ ሕንጻው ፌሮውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይቀራል።

ለዚህ ምስክር አድርጌ የምጠራት የሶማሌላንድን ዋና ከተማ ሐርጌሳን ነው። ከጅግጅጋ ተነስቶ ድንበሩን ቶጎ ውጫሌ ላይ ለተሻገረ መንገደኛ ሩቅ አይደለችም። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድሜ ልናገር።

በ1988 የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከተማዋ በገቡ ጊዜ የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ ይነሡ የነበረው ከከተማዋ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዛሬ በመሐል ከተማ አደባባይ ላይ የቆመው ሚግ አውሮፕላን የዚያ መታሰቢያ ነው። ከድብደባው የተረፈውን ቤት ዘረፋው ጨረሰው፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ። ሕዝቡ ወደ እኛ ተሰደደ። ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ የነበረው የሐርትሼክ መጠለያ በዘመኑ ከዓለም ግዙፍ የስደተኞች ጣቢያዎች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋውም በ2004 ነው።

ሰዎቹ ከ1991 ወዲህ ሲመለሱ ያገኙት ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎችን ነበር። በዚያው ዓመት ሶማሌላንድ ነፃነቷን መልሼ ያዝኩ ብላ አወጀች፤ ዓለም ግን ለአሥርተ ዓመታት እውቅና ነፈጋት። እውቅና የሌለው መንግሥት ከዓለም ባንክ በራሱ ስም መበደር አይችልም። ስለዚህ ከተማዋን ዳግም የማቆሙ ወጪ በአመዛኙ የወደቀው በነዋሪዎቿና በለንደን፣ በሚኒሶታ፣ በስቶክሆልምና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በተበተኑ ልጆቿ ኪስ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ዛሬ በኢንተርኔት የሚካሄደው የሕዝብ መዋጮ አዲስ ግኝት ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። ለሶማሊዎች አዲስ አይደለም። ዘመድ ሲቸገር ከጎሳው የሚሰበሰበው ቃራን አለ፤ ከእኛ ዕቁብ ጋር መንታ የሆነው ሀግበድ አለ። የዘላኑ ቤት፣ አቀሉ ራሱ፣ የሴት ዘመዶች ምንጣፉንና ሰበዙን ተከፋፍለው የሚያዘጋጁት ለሙሽራዪቱ የሚቆም ሕንጻ ነው። እኛም ብንሆን በደቦ ቤት ስናቆም፣ በካርኒ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ስንሠራ የኖርን ነን። የጉራጌ ሕዝብ በ1960ዎቹ ራሱን አደራጅቶ፣ አዲስ አበባ ያሉ ልጆቹ እያዋጡ መንገድ ማስቆፈሩን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

አዲስ የሆነው የገንዘቡ መተላለፊያ ነው። ዳሃብሺል የተባለው የሐዋላ ድርጅት በ1970 ቡርኦ ላይ ተመሠርቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተበተነውን ሕዝብ ከአገሩ ጋር አገናኘ። በ2009 ደግሞ የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም ዛድ የተባለውን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ጀመረ። እኛ ቴሌብርን ያየነው በ2021 መሆኑን አስቡት፤ ሐርጌሳ ያለ ሻይ ሻጭ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሒሳቡን በስልክ ይቀበል ነበር። ዛሬ ለአንድ ትምህርት ቤት መዋጮ ሲጠራ፣ የዋትስአፕ ቡድን ይከፈታል፤ ታማኝ ተብሎ የተመረጠ ሰው ገንዘቡን ይቀበላል፤ የሰጪው ስምና መጠን በዝርዝር ይለጠፋል። ዝርዝሩ ደረሰኝ ነው፤ ያልሰጠውን ደግሞ ያሳፍራል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የታወቁት የመዋጮ ድረ ገጾች ሐርጌሳ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። በሶማሌላንድ ባንክ ገንዘብ የሚቀበል ዘመቻ ስለማይከፍቱ፣ ለንደን ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው በስሙ መክፈት አለበት። የሐዋላው መንገድም ቢሆን የተረጋጋ አይደለም። በ2013 ባርክሌይስ ባንክ ዳሃብሺልን ጨምሮ የሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳብ እዘጋለሁ ባለ ጊዜ ነገሩ እስከ ለንደን ፍርድ ቤት ደርሷል። ለአንድ ሐርጌሳ ውስጥ ለሚሠራ ግድግዳ፣ ለንደን የሚደረግ የባንክ ውሳኔ ከሲሚንቶ ዋጋ እኩል ሊያሳስብ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ ሕንጻ ልውሰዳችሁ።

ኤድና አደን ኢስማኤል በ1937 ሐርጌሳ ውስጥ ተወለዱ። በእንግሊዝ አገር ነርስነትና አዋላጅነት ተምረው፣ በዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ዘመን አገለገሉ። ጡረታ ሲወጡ የእናቶች ሆስፒታል ልሥራ አሉ። መንግሥት የሰጣቸው መሬት በከተማዋ ድሆች ሰፈር ያለ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ ነበር። የጡረታ ገንዘባቸውን አወጡ፤ ጌጣቸውንና መኪናቸውን ሳይቀር ሸጡ። ሌሎችም ረዷቸው። ግድግዳው ቆመ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። የጎደለው ጣሪያው ነበር!

ቀድሞ የረዱ ድርጅቶች ለቀሪው አልቀረቡም። በ1999 ግን ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ እኒህ ሴትና ስለዚያ ጣሪያ አልባ ሆስፒታል ጻፈ። ጽሑፉን ያነበቡ አሜሪካውያን ተፈላልገው ማኅበር አቋቋሙ፤ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ሥራው እንዲያልቅ ረዱ። ሆስፒታሉ በመጋቢት 2002 ተከፈተ። ከወሊድ አልፎ አጠቃላይ ሆስፒታል ሆነ፤ ነርሶችና አዋላጆች የሚሠለጥኑበት ዩኒቨርሲቲም ወለደ። ኤድና አደን በ2023 የቴምፕልተን ሽልማትን ተቀብለዋል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንዲት ብርቱ ሴት ገድል ሆኖ ነው፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን በአርክቴክት ዓይን እንድታዩት እፈልጋለሁ። የማያውቋቸው ሰዎች ለምን ሰጡ? አንደኛ፣ ሴትየዋ የራሳቸውን ንብረት አስቀድመው አፍስሰዋል፤ መጀመሪያ የከሰረ ሰው ሌላውን ለመጠየቅ አፉ አይያዝም። ሁለተኛ፣ የተጠየቀው ነገር አንድና ግልጽ ነው፦ ግድግዳው ይኸው፣ ጣሪያ ጎድሏል። ሦስተኛ፣ ጣሪያው ከተከደነ በማግስቱ እናቶች ይገባሉ። እነዚህ ሦስቱ ባይገጥሙ ኖሮ፣ ያ ቦታ ዛሬም ያልተከደነ ግድግዳ ይዞ ይቀር ነበር። ሰጪዎች ዘንድ የደረሱት ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ በዚያ በኩል በማለፉ ነው። ቀጣዩን ሕንጻ በጋዜጠኛ ማለፍ ላይ ልንመሠርተው አንችልም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። እውነት ነው፤ ሎሚ ግን በተፈጥሮው የተከፋፈለ ነው። ሕንጻ አይደለም። ሃምሳ ሰው የመሠረቱን ቁፋሮ እኩል ተካፍሎ ጌጥ ሊያደርገው አይችልም፤ አፈር ውስጥ የሚቀበር ነገር ማን ይታይልኛል ይላል? የአፈር ምርመራ፣ የንድፍ ክፍያ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሴፕቲክ ጉድጓድ፤ ለእነዚህ ስሙን አስጽፎ የሚሰጥ ሰው አላየሁም። ሁሉም መስጠት የሚሻው ለሚታየው ነው፤ ለበሩ፣ ለወንበሩ፣ ስሙ ለሚቀረጽበት ድንጋይ። ስለዚህ የመዋጮ ሕንጻ ሁለት ጊዜ ይታመማል። መጀመሪያ ላይ ለማይታየው ሥራ ገንዘብ ያጣል። ኋላ ላይ ደግሞ የምርቃቱ ወሬ ከተነገረ፣ ሰው አለቀ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ለጣሪያና ለማጠናቀቂያ ያጣል።

እንግዲህ የአርክቴክቱ ሥራ ሕንጻውን እንደ ሎሚ መከፋፈል ነው። ሸክሙን እንዲህ ከከፋፈሉት መካከል ሁለት የሩቅ ምሳሌዎችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የኒው ዮርኩ የነፃነት ሐውልት መቆሚያ ነው። ሐውልቱ የፈረንሳይ ስጦታ ነበር፤ መቆሚያውን ግን አሜሪካኖች መሥራት ነበረባቸውና ገንዘብ አጥተው ሥራው ቆመ። በ1885 የጋዜጣ ባለቤት የነበረው ጆሴፍ ፑሊትዘር የሰጪን ሁሉ ስም፣ አንድ ሳንቲምም ይስጥ፣ በጋዜጣዬ አትማለሁ አለ። በአምስት ወር ገደማ ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ከ120,000 በላይ ሰው ሰጠ፤ አብዛኛው የሰጠው ከአንድ ዶላር በታች ነው። ዛሬ በሐርጌሳ ዋትስአፕ ላይ የሚለጠፈው የስም ዝርዝር የዚያ ጋዜጣ የልጅ ልጅ ነው።

ሁለተኛው በሆላንድ፣ ሮተርዳም ያለው ሉክትሲንግል የተባለ የእግረኞች ድልድይ ነው። ዙስ የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ በ2011 ድልድዩን በእንጨት ጣውላ ከፋፍሎ አቀረበው፤ ሃያ አምስት ዩሮ የሰጠ ሰው ስሙ በአንድ ጣውላ ላይ ይቀረጽለታል። ወደ 390 ሜትር የሚጠጋ ድልድይ ነው። እዚህ ላይ ግን ሐቁን ሳልሸሽግ ልናገር። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው ጣውላው አይደለም፤ በ2012 የከተማው ነዋሪ በድምፅ መርጦት ከከተማው ያገኘው ወደ አራት ሚሊዮን ዩሮ ነው። የጣውላው ሥራ ሕዝቡ ከጎናችን ነው የሚለውን በስም ማስቆጠር ነበር። ትንሽ መዋጮ ትልቁን ገንዘብ ሊያስከፍት ይችላል፤ በራሱ ግን ሁሉን አይተካም።

የማስጠንቀቂያ ምሳሌም አለ። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ባካታ የተባለው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ከሺዎች ትንንሽ ባለ ድርሻዎች ገንዘብ ሰብስቦ ተነሳ። ዓለም የመዋጮ ፎቅ ብሎ አጨበጨበለት። አልሚው በገንዘብ ችግር ተያዘ፤ ሕንጻውም ሳያልቅ ለዓመታት ቆመ። እዚያ የገባው ስጦታ ሳይሆን ትርፍ የሚጠብቅ ድርሻ ነበር። ስጦታ የሰጠ ሰው ሥራው ቢዘገይ ያዝናል፤ ድርሻ የገዛ ሰው ይከሳል። ኮሚቴዎች ሆይ፣ የትኛውን እየሰበሰባችሁ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ለይታችሁ ጻፉ።

ወደ ሶማሌላንድ ልመለስ። ሌላም ዓይነት መንገድ አለ፤ ካለው ሕንጻ መነሣት። በምዕራቡ ቦረማ በ1998 ትምህርት የጀመረው አሙድ ዩኒቨርሲቲ፣ የቆየውን የአሙድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ይዞ ነው የተነሣው። ብዙ ሰው ጦርነት ባወደመው አገር ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራል ብሎ ነበር። ነገር ግን ግቢው አለ፤ የሚጠገን ክፍል አለ፤ ጥቂት ክፍል ሲጠገን ጥቂት ተማሪ ይገባል። የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎችና ውጭ ያሉ ልጆች ያዋጡት ገንዘብ በየደረጃው ወዲያውኑ አገልግሎት ሰጠ። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲም በ2000 ተከፍቶ በዚሁ የመዋጮ መንፈስ አደገ። ለወጣት አርክቴክቶች የምመክረው ይህን ነው፦ ደንበኛችሁ ኮሚቴ ከሆነ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ከመሣላችሁ በፊት በግቢው ምን እንዳለ ቁጠሩ።

መዋጮ የማይችለውንም ሳልናገር ባልፍ ዲስኩሬ ስብከት ይሆናል። በሚያዝያ 2022 መባቻ፣ በረመዳን ዋዜማ ሌሊት፣ የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ ዋሄን ተቃጠለ። በርካታ ሰው ተጎዳ፤ የብዙ ሺሕ ቤተሰብ መተዳደሪያ ባንድ ሌሊት አመድ ሆነ፤ አብዛኛው ነጋዴ ኢንሹራንስ አልነበረውም። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ ለአስቸኳይ እርዳታ አንድ ሚሊዮን ዶላር መደቡ፤ ነጋዴዎችና ውጭ ያሉ ተወላጆችም ለመስጠት ተሽቀዳደሙ። ልግስናው የሚያስደንቅ ነበር። ሆኖም እሳቱ ያን ያህል የበላው ለምን ነበር? ሱቁ ከሱቅ ተጣብቆ፣ መተላለፊያው ተጣቦ፣ የእሳት አደጋ መኪና መግባት ተቸግሮ ነው። መዋጮ አንድ ሱቅ መልሶ ይሠራል፤ ሺሕ ሱቅም ይሠራል። ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቶ ለመኪና መንገድ መልቀቅ ግን በመዋጮ አይሆንም። ለዚያ ሕግ፣ ካርታና ማዘጋጃ ቤት ያስፈልጋል። የውኃ መስመር፣ የፍሳሽ ቦይና የእሳት መውጫ መንገድ ስም አይቀረጽባቸውም፤ የግብር ሥራ ናቸው።

ሌላው ድክመቱ ፍትሕ ነው። መዋጮ ዘመድ ያለውን ይከተላል። ለንደን ሦስት ወንድም ያለው ሰፈር ትምህርት ቤት ይሠራል፤ የሌለው ይመለከታል። በሶማሌላንድ እንደ ገቦዬ ያሉ፣ ለዘመናት ተገልለው የኖሩ ወገኖች ውጭ የሚልክላቸው ሰው ከሌላው ያነሰ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው። አሜሪካ ብዙ ልጆች ያሉት ደብርና አንድም የሌለው ደብር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጣሪያቸውን ተመልከቱ። በጎ ፈቃድ ብቻውን ካርታ ሲሥል የሀብታምን ካርታ ይሥላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚሆን ሥራ ላይ የሚውል ምክር ላውጣ።

በመጀመሪያ፣ ንድፉ በምዕራፍ ይከፋፈል፤ እያንዳንዱ ምዕራፍም ብቻውን አገልግሎት ይስጥ። ባለ ሦስት ፎቅ አዳራሽ ሥላችሁ መሠረቱን በአንድ ዓመት፣ ምሰሶውን በሌላ ዓመት ብትሠሩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም የማይጠቅም ድንጋይ ሠርታችኋል። ይልቅ አንድ ክፍል ከነጣሪያው፣ ከነበሩ፣ ከነመብራቱ ይለቅ፤ ሥራ ይጀምር፤ ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ጋር የሚጋጠምበት ግድግዳ ግን አስቀድሞ በንድፉ ይታሰብ። ወደፊት ፎቅ ይጨመራል ከተባለ፣ መሠረቱ ከአሁኑ ይሰላ፤ ይህ ተጨማሪ ወጪ መሆኑም ለሰጪው ይነገረው።

ቀጥሎ፣ የማይታየው ወጪ ለሕዝብ መዋጮ አይቅረብ። የአፈር ምርመራውን፣ ንድፉንና ፈቃዱን መሥራቾቹ ወይም አንድ ሁለት ባለ ሀብት ይሸፍኑት። ኤድና አደን ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አስቸጋሪውን የመነሻ ወጪ ራሳቸው ተሸከሙ። ሕዝቡን የምትጠሩት ግድግዳው በዓይን ከታየ በኋላ ይሁን። የጣሪያውም ገንዘብ ግድግዳው ከማለቁ በፊት በባንክ ይቀመጥ፤ ለሌላ ሥራም አይነካ።

ሦስተኛው የቁጥጥር ነገር ነው። የሰጪ ስም መለጠፍ ጥሩ ነው፤ የወጪው ደረሰኝ አብሮ ካልተለጠፈ ግን ግማሽ እውነት ነው። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባ፣ በስንት ዋጋ፣ ስንት ብሎኬት ተሰደረ? ይህን በየሳምንቱ ከፎቶ ጋር የሚለጥፍ ኮሚቴ ገንዘብ አይለምንም፤ ገንዘቡ ፈልጎት ይመጣል። ሥራውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ደግሞ የገንዘብ ያዡ ዘመድ አይሁን። ዘመድ ሆኖ ቢገኝ፣ ጥፋት ባይኖር እንኳ ሐሜት ይኖራል፤ ሐሜት ደግሞ መዋጮን ከሌብነት ባላነሰ ይገድለዋል።

በመጨረሻም ከምርቃት በኋላ ያለው ሕይወት ይታሰብበት። ለቀለም ቅብ፣ ለተሰበረ ቧንቧ፣ ለጥበቃ ደመወዝ ሰው ሁልጊዜ አያዋጣም። ሙስሊሙ ወቅፍ የሚል ጥንታዊ መላ አለው፤ የማይሸጥ ንብረት ተመድቦ ገቢው ለበጎ ሥራ ይውላል። በአዲስ አበባም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በአጥራቸው ዙሪያ ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ። ትንሹ ክሊኒክም ሆነ ቤተ መጻሕፍት በመንገዱ በኩል ሁለት የሚከራይ ክፍል በንድፉ ይኑረው። አርክቴክቱ እነዚያን ሁለት ክፍሎች ውበት ያበላሹብኛል ብሎ ቢቃወም፣ በአምስተኛው ዓመት የሚላጠው ግድግዳም ውበት እንደሚያበላሽ አስታውሱት።

እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አላቸው፤ አባላቸውን በስም ያውቃሉ፤ ወርኃዊ ክፍያ መሰብሰብ ለምደዋል። ውጭ ያሉ ልጆቻችንም አሉ። ሐርጌሳ እኛን የምትበልጥበት ነገር ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡ እንደሚንጠባጠብ አስቀድማ አውቃ መኖሯ ነው። እኛ ገና ሁሉም ባንድ ጊዜ እንደሚመጣ አድርገን እንሥላለን። ስለዚህ ለኮሚቴ አባላት አንድ ጥያቄ ላስይዛችሁ። አርክቴክቱ ንድፉን ይዞ ሲመጣ፣ ስለ ፊት ለፊቱ መስታወት ከመጠየቃችሁ በፊት፣ «ገንዘባችን እዚህ ምዕራፍ ላይ ቢያልቅ፣ የተሠራው ለማን ያገለግላል?» በሉት። መልስ ካለው ፈርሙ። ከሌለው ንድፉን መልሱለት፤ አርክቴክቱም ቅር አይሰኝ፣ ትክክለኛው ሥራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነውና።